ከመስመሩ ወዲያ ያለው ቀይ

የካቲት 4፣ ሰኞ

ታናሼ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ምላጭ በእጁ እንዳለ። ከሥራ እየሮጥኩ ደረስኩ። ደንበኛው አገጩ ሥር ተጭሯል እንጂ ደህና ነው። የታናሼ አውራ ጣት ግን ተሰፋ። አሁን ተኝቷል፤ እማ አጠገቡ ናት። እጄ አልጽፍ አለኝ።

የካቲት 5

ዛሬ ልሞክር።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሚጥል በሽታው የጀመረው ተማሪ ሳለ ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ያዘለት፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዶክተሮቹ እየቀያየሩም አልይዝ አለው። እስከ ትናንት ድረስ ሲመጣበት ያውቀው ነበር። "የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ" ይልና የያዘውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ትናንት ምንም አልሸተተውም።

ሰው እሱ ሱቅ የሚሄደው ለፀጉሩ ብቻ አይደለም፤ ለአፉም ነው። ለሁሉም የቅጽል ስም አውጥቶላቸዋል። አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ አሉ፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ "ጋሼ፣ ፀጉርዎ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፤ ስብሰባውን ለሌላ ጊዜ እናስተላልፈው" ሲላቸው ሰምቻለሁ። ሰውየው እየሳቁ በየሳምንቱ ይመጣሉ። የሚቆረጥ የላቸውም።

ትናንት ደጁ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። "ልጁ ወርቅ ነው። ግን ከእንግዲህ አንገቴን አልሰጠውም።" አልፈረድኩባቸውም። እኔስ እሰጥ ነበር?

የካቲት 9

ሱቁን ዘጋ። "ለጊዜው" ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል። ሥሩ ደግሞ "እስከዚያው አታሳድጉት" ብሎ ጽፎበታል።

ማታ ላይ እማ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ለሷ እንዳስረዳኋት እዚህም ልጻፈው፤ ራሴም ቀለል ብሎ ሲነገር ልስማው።

ከቀዶ ሕክምና የወጣ የአንጎል ቁራጭ ይመጣልናል። በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከራል፣ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሳል። እኔ አንዱን የነርቭ ሕዋስ እይዝና ቅርንጫፎቹን ስክሪን ላይ አንድ በአንድ እከተላለሁ፤ ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ ላዩ ላይ እንደ እሾህ የበቀሉትን ጉጦች ሳይቀር። ቅርጹ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን። መልእክቱ በየት እንደሚሄድና የት እንደሚከማች የሚወስነው ባመዛኙ ቅርጹ ነው። ቅርንጫፉ የተመለጠ፣ እሾሁ የረገፈ ሕዋስ ገና ሲነኩት ይጮሃል። "ይጮሃል" የምንለው እኛ ነን፤ ድምፅስ የለውም። ብዙ ሕዋሳት ባንድ ላይ ሲጮሁ ሰው ይወድቃል።

ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች የሰበሰብናቸውን ቅርጾች አንድ ላይ አድርገን፣ የአዲስ በሽተኛ የአንጎል ምስል ሲመጣልን የሚጮኸው የት እንደሆነ የሚጠቁም ካርታ እያዘጋጀን ነው። የሚጮኸው ቦታ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

እማ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ታዲያ የሰው ስታዪ ዓመት ሙሉ፣ የወንድምሽን እስካሁን አላየሽም?"

የካቲት 16

ቀዶ ሐኪሙን አገኘናቸው። ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በሽታው ያለው በግራ በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ ፊተኛው ጫፍ ላይ ነው። ጠባሳው በምስሉ ይታያል። ሊወጣ ይችላል።

እማ፦ "ጭንቅላት የሣጥን ክዳን መሰላችሁ?"

ታናሼ፦ "እማ፣ እኔ ስንቱን ራስ ስከፍት ኖሬ የለም እንዴ። አንድ ቀን የኔ ተራ ይድረስ።"

ሐኪሙ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

የካቲት 20

የቃላት ፈተና። ባለሙያዋ ሥዕል እያሳየች ስሙን ታስጠራዋለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ይህስ?"

"ጃንጥላ።"

"ይህስ?"

"መሰላል። አማቴ የምትሰልለኝ በሱ ላይ ሆና ነው።"

"ባለትዳር ነህ?"

"ኧረ አይደለሁም። አማቴን ግን ከወዲሁ ነው የምፈራት።"

ሴትዮዋ ወረቀቷን አስቀምጣ ሳቀች። ከፍተኛ ውጤት አገኘ። ችግሩ ግን ያው ቃላቱም የሚኖሩት በግራ በኩል ነው። ሐኪሙ እንዲህ አሉን፦ "ከፊተኛው ጫፍ ብቻ ካወጣን ብዙም አይጎዳም። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ግን የቃላቱ ሰፈር ውስጥ እንገባለን። አውጥቼ የማልመልሰው ነገር ነው።"

ታናሼ አልደነገጠም። ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። "እትዬ፣ ጠርጋችሁ አውጡልኝ። አስቀርታችሁብኝ ደግሞ ሁለተኛ ተኛ እንዳትሉኝ።"

ይህን ማለቱን እዚህ ላስፍረው። በቃሉ ነው ያለው። ጠርጋችሁ አውጡልኝ።

የካቲት 28

አለቃችን ቢሮ ጠሩኝ። ካርታው በእውነተኛ ሰው ላይ ሲውል የመጀመሪያው ወንድሜ ነው። ክረምት ላይ በትልቁ ጉባኤ ያቀርቡታል።

"የወንድምሽ ስለሆነ ለሌላ ሰው ልስጠው?"

"ከኔ በላይ ማን ይጠነቀቅለታል?"

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደግ ሴት ናቸው። ትምህርቴን እንድጨርስ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም።

መጋቢት 5

የታናሼ ካርታ ወጣ። ፊተኛው ጫፍ ደም መስሏል፤ እሱን ጠብቀነው ነበር። ከሱ በስተኋላ ግን፣ ሐኪሙ እስከዚህ እቆርጣለሁ ብለው ካሰመሩት መስመር ወዲያ፣ ሌላ ቀጭን ቀይ አለ። ምስሉ ላይ እዚያ ቦታ ምንም ጠባሳ አይታይም።

አለቃችን ተነስተው ቆሙ። "ይኸውልሽ! ዓይን የማያየውን ሞዴሉ አየው።"

መጋቢት 7

አልተኛሁም።

ሞዴሉ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። በሕዋሱ ቆዳ ላይ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ፤ ቁጥሩ የነሱ ብዛት ነው። ቅርጹን እንለካለን፤ በሮቹን ግን ባለን መሣሪያ መለካት አልቻልንም። ቁጥሩን መርጠን ያስገባነው እኛው ነን። ዛሬ ቁጥሩን በጥቂቱ ዝቅ አደረግኩት። የኋላው ቀይ ጠፋ። መለስኩት፣ ተመለሰ። የፊቱ ግን ምንም ባደርገው ቀይ ነው።

ለአለቃችን ነገርኳቸው። ደረጃ እየወረድን ነበር፤ ሰውም ነበር። "እንዲህ ያለ ቁጥር የሌለው ሞዴል የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የለም።

መጋቢት 10

ስብሰባው ዛሬ ነበር። ሐኪሙ፣ አለቃችን፣ የምስል ክፍሉ ሰው፣ እኔ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። በስክሪቢቶ ጀርባ ስክሪኑን ነክተው፣ "ከመስመሬ ወዲያ ያለው ይህ ቀይ፣ እውነት ነው?" አሉ።

አለቃችን ሊመልሱ ሲሉ በእጃቸው አስቆሟቸው። "አይ፣ እሷን ነው። እህቱ ስለሆነች ነው የምጠይቃት። በወንድሟ ላይ አትቀልድም።" ወደኔ ዞሩ። "ይህ ቢቀር ተመልሶ ይወድቃል ትያለሽ?"

ታናሼ ያለኝን አሰብኩ። ምላጩን አሰብኩ። አለቃችን አጠገቤ ነበሩ፤ አላዩኝም፣ የወረቀታቸውን ጠርዝ እያስተካከሉ ነበር።

"እውነት ነው" አልኩ። "ይወድቃል።"

መስመሩን ወደ ኋላ አንቀሳቀሱት። የተጨመረችው የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች።

ስለ ቀዩ ነው የጠየቁኝ። ስለ ቁጥሩ ማንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 17

ነገ ነው። አንድ ወረቀት አስፈረሙት፤ የሚወጣው ቁራጭ ለምርምር እንዲውል። "ካልተጠቀምኩበት ውሰዱት" ብሎ ፈረመ። ነርሶቹ ሁሉ አልጋው ዙሪያ ናቸው። ፀጉሩን ሊላጩት ሲመጡ "ይህን ለባለሙያ ተዉት" ብሎ ራሱ በመስታወት ተላጨ። አንድም ቦታ አልዘለለም።

እማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች።

መጋቢት 18

ወጣ። ነቅቷል። እጅ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ሐኪሙ "እንዳሰብነው ነው" አሉ።

እማ መሬቱን ሳመች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

መጋቢት 20

ውሃ ፈልጎ "ያን... ያን ስጪኝ" አለኝ። ብርጭቆውን ሰጠሁት። ጠጥቶ እጁ ላይ አገላብጦ አየው፤ እንደማያውቀው ዕቃ።

እብጠት ነው። ያልፋል። ሐኪሙም እንዲያ ነው ያሉት።

መጋቢት 26

ያልፋል።

ሚያዝያ 2

ዛሬ የስፌቱ ክር ወጣለት። ኮሪደር ላይ አንዷ ነርስ ለሌላዋ፣ "ያ ቀልደኛው ልጅ ይሄ ነው? ሌላ ሰው መስሎኝ" ስትል ሰማሁ።

አልወደቀም። ቀዶው ከተደረገለት ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜም አልወደቀም። ይህ መረሳት የለበትም። እማ በየማለዳው እየተነሳች "አልወደቀም አይደል?" ትለኛለች፤ "አልወደቀም" እላታለሁ፤ ፊቷ ይበራል።

ሚያዝያ 11

ፈተናውን ደገሙት። ያችው ባለሙያ፣ ያው ሥዕል።

"ይህስ?"

"ይሄ... ዝናብ ሲመጣ... በላይህ የምትዘረጋው።"

"ስሙስ?"

ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሰው በጨለማ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ሲፈልግ እንደሚያደርገው። አልመጣም። ቀጣዩም አልመጣም። መቀስ ስታሳየው በጣቶቹ በአየር ላይ ቆረጠ፤ ሁለት ጊዜ፤ ያን ያህል በትክክል። ስሙን ግን አጣው።

ፀጉር አስተካካይ ነው።

ባለሙያዋ በዚህኛው ቀን ወረቀቷን አላስቀመጠችም። እየጻፈች ነበር፣ ብዙ።

ሐኪሙን "ይመለሳል?" አልኳቸው። "ጥቂቱ። ዓመት እንጠብቅ።" ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "ከጠበቅኩት በላይ ነው የተጎዳው" አሉ። አስተያየታቸው ወቀሳ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 19

ሱቁን ከፈተ። ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ።

እጁ እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ፈጠነ። ሰው ሞልቷል። ሬድዮ ተከፍቷል፤ ድሮ ሬድዮ አልነበረም፣ ማን ሊሰማው? ራሰ በራው ሽማግሌ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ጠበቁ። ሁላችንም ጠበቅን። ታናሼ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረላቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ አያቸው። ቀልዱን ያውቀዋል። ፊቱ ላይ መጥቶ ሲቆም አየሁት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ ጥቂቷን ፀጉር አስተካከለላቸው።

ሽማግሌው ሲወጡ ደጅ ላይ ቆሜ አገኙኝ። "ዋናው ጤና ነው ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ለቅሶ ቤት ነበር።

ሚያዝያ 27

አዲስ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ስም የለውም፤ መለያ ብቻ። ወንድ፣ ወጣት፣ ግራ፤ መጋቢት፣ ሦስተኛ ሳምንት። ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ የፊቱ፣ አንዱ የኋላው።

የማንም ሊሆን ይችላል።

በዚያ ሳምንት ሌላ ቀዶ የተደረገለት ሰው የለም።

ግንቦት 3

የፊቱን ጨረስኩ። ቅርንጫፎቹ አጫጭር፣ እሾሃቸው የረገፈ፣ እንደ ተመለጠ ገላ። የታመሙ ናቸው። ማንም ያየ ያውቃል። ሐኪሙ ትክክል ነበሩ።

ግንቦት 8

የኋላውን ጀመርኩ።  ቸኩዬም ዘግይቼም አላውቅም እንዲህ።

ግንቦት 12

የመጀመሪያውን የኋላ ሕዋስ ጨረስኩ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያማረ ሕዋስ አይቼ አላውቅም። ቅርንጫፉ ጫፍ ድረስ ሙሉ ነው፤ እሾሁ ግጥም ብሏል፤ የጎደለው ነገር የለም። እያንዳንዷ እሾህ ከሌላ ሕዋስ ጋር የምትነጋገርበት አፍ ናት። እያገላበጥኩ ፈለግኩ፤ አንድ የተጎዳ ባገኝ ብዬ። ያላገኘሁት ባለመፈለጌ አይደለም።

ጃንጥላ ይሆን? መሰላል? ሞኝ ነኝ፤ ቃል እንዲህ አንድ ሕዋስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ተማሪ ሳለሁ ነው ይህን የተማርኩት። ግን ከስክሪኑ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ግንቦት 14

ለአለቃችን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ገና ያልታመመ ሊሆን ይችላል" አሉ። "ሊታመም ሲል ደርሰንበታል።"

"የዚህ ማስረጃው ምንድን ነው?"

"ማስረጃው ወንድምሽ ነው። ወደቀ?"

"አልወደቀም።"

"እንግዲያስ።"

አልወደቀም። የፊቱ ብቻ ቢወጣም ላይወድቅ ይችል ነበር፤ ይህን ማወቅ አይቻልም። አሁን ማንም ማወቅ አይችልም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም። ሁለታችንም አላልነውም።

ግንቦት 21

ቀጣዩ በሽተኛ ሴት ናት። አስተማሪ፤ የሁለት ልጆች እናት። ክፍል ውስጥ ትወድቃለች። እሷም በግራ ነው። ካርታዋን እኔው ሠራሁት። ከሐኪሙ መስመር ወዲያ ያ ቀጭን ቀይ አለ።

ቁጥሩን ዝቅ አደረግኩ። ጠፋ።

ግንቦት 22

እንደገና ሞከርኩ። ጠፋ።

ግንቦት 25

ዛሬ አስተማሪዋን ኮሪደሩ ላይ አየኋት። እሷ መሆኗን ያወቅኩት ልጆቿን ስትቆጣ ነው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ቃል እየመረጠች፤ "አንተ፣ ተንቀዥቃዥ፣ ያ የሰው ወንበር እንጂ ፈረስ አይደለም" ስትል። ልጁ ሳቀ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ትላለች እማ። እኔ የፈራሁት ምንድን ነው? ታናሼ እንዳይወድቅ ነበር የፈራሁት? ወይስ አለቃችን ፊት "አላውቅም" ማለትን?

ግንቦት 26

ጠዋት አለቃችን ጋ ገባሁ። "የአስተማሪዋ የኋላ ቀይ የቁጥሩ ውጤት እንጂ የበሽታው አይደለም። የወንድሜም እንደዚያው ነበር። ለሐኪሙ መነገር አለበት።"

"አሁን ነው ይህ የሚነሳው?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "መጋቢት ላይ ማን ነበር 'እውነት ነው' ያለው?"

"እኔ።"

"እኔ በግድ አላስባልኩሽም።"

"አላስባሉኝም።"

"ያን ጊዜ ያልሽውን ዛሬ ብታፈርሺ ለወንድምሽ ምን ይመለስለታል? ይልቅ አስተማሪዋ አትወድቅም። አስቢበት።"

ሳስብበት ዋልኩ። ከዚያ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ።

ግንቦት 26፣ እንደገና

ብቻቸውን ነበሩ። ላፕቶፑን ከፈትኩና ቁጥሩን ዝቅ አድርጌ አሳየኋቸው። ቀዩ ሲጠፋ አዩት። መለስኩት። አዩት። ከዚያ የኋላውን ሕዋስ አሳየኋቸው፤ ሙሉውን።

"የማን ነው?" አሉ።

"የወንድሜ።"

መነጽራቸውን አላወለቁም። "የዚያን ዕለት ጠይቄሽ ነበር።"

"ስለ ቁጥሩ አልጠየቁኝም" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስንት ቀን ለራሴ ያልኩት ቃል ነው። አልወጣልኝም።

"አዎ፤ ጠይቀውኝ ነበር" አልኩ።

ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከደኑት። ለራሳቸው ነው መሰለኝ፣ "እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አሉ። ከዚያ ስልክ አንስተው የአስተማሪዋን ቀጠሮ አዘገዩት። ቀዶው ሲደረግላትም የሚወጣው ጠባሳ ያለበት ጫፍ ብቻ እንደሚሆን ነገሩኝ። "ውጪ አሁን" አሉኝ። በቁጣ አይደለም።

ሰኔ 1

ከካርታው ሥራ አወጡኝ። ጉባኤው ላይ የሚቀርብ ነገር የለም። አለቃችን ሰላምታ አይሰጡኝም። ምሳ ላይ አንዱ፣ "የገዛ ወንድሟን ለሙከራ አዋለችው" ሲል ሌላው "ተው፣ ትሰማሃለች" አለው። ሰማሁ። ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ።

ለታናሼ ገና አልነገርኩትም።

ሰኔ 4

ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኔ 8

ነገርኩት።

ሱቁን ሊዘጋ ነበር። ወለሉን እየጠረገ፤ ጥቁሩ፣ ሽበቱ፣ ሁሉም አንድ ክምር ሆኗል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀዩን፣ ቁጥሩን፣ ሐኪሙ ሲጠይቁኝ ያልኩትን፣ ቀለም ነክረን ያየነውን። አላቋረጠኝም። ድሮ ቢሆን ሦስቴ ያቋርጠኝ ነበር።

"ስንት ያህላል?" አለ።

አውራ ጣቴን አሳየሁት። ጥፍሬን። ጠጋ ብሎ አየው።

"ታሞ ነበር?"

"አልነበረም።"

"ታውቂ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

መጥረጉን ቀጠለ። ክምሩን ወደ... አሁን ስጽፍ ስሙ ለኔም ጠፋብኝ። ወደ ቆሻሻ ማፈሻው ሰበሰበው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው።

"ለእማ እንዳትነግሪያት" አለኝ። "እሷ... ደስ ብሏታል።"

ከዚያ መብራቱን አጠፋና ከኋላዬ በሩን ቆለፈ። ወደ ቤት ለየብቻችን ሄድን።

ሰኔ 13

አያናግረኝም። እማ ፊት ያናግረኛል።

ሰኔ 19

ሐኪሙ ደወሉልኝ። ለአስተማሪዋ ቃላት ሊጠፉ እንደሚችሉ ነግረዋታል፤ የወንድሜንም፣ ማን እንደሆነና ለምን እንደደረሰበት ሳይጠቅሱ። ከመወሰኗ በፊት ቀዶ የተደረገለት ሰው ማነጋገር ትፈልጋለች። ታናሼ ይመጣ እንደሆነ ጠይቂው አሉኝ። መጀመሪያ "አይመጣም" አልኩ። ከዚያ ጠየቅኩት።

"ልጆች አሏት ነው ያልሽው?" አለ።

"ሁለት።"

"እሺ።"

ሰኔ 22

ሄድን። እማ ወጥ ቤት ሆና "ሁለታችሁ ተያይዛችሁ ወዴት?" ብላ ተደሰተች።

ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር። አስተማሪዋ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጠበቀችን። ታናሼ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ በሩ አጠገብ ቀረሁ።

"ከዚያ በኋላ ወድቀሃል?" አለችው።

"አንድም ቀን።"

"አሞህ ነበር?"

"ራሴን። ጥቂት ቀን። አለፈ።"

"ቃላትስ? ሐኪሙ ነግረውኛል።"

ትንሽ ዘገየ። "ይጠፉብኛል። የዕቃ ስም፣ የሰው ስም። ነገሩን አውቀዋለሁ፣ ስሙ... እንደ ጎረቤት ነው። መብራቱ በርቶ ይታይሃል፣ ስታንኳኳ አይከፍትም።" አንተ እያለ ነው ያዋራት፤ ሲያውቀው "ይታይሻል" ብሎ አረመና ፈገግ አለ። እሷም። "ያንቺ ግን እንደኔ አይሆንም። ከኔ ብዙ ነው የወሰዱት። ካንቺ ትንሹን ነው።"

"ለምን ካንተ ብዙ ወሰዱ?"

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ወደኔ አልዞረም።

"ያኔ አያውቁም ነበር" አላት።

ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "እውነቱን ንገረኝ" አለች። "ወደ ኋላ ቢመለስልህ፣ ይህ ሁሉ እንደሚሆን እያወቅክ፣ እንደገና ትገባበት ነበር?"

"አዎ" አለ። ቶሎ። ድሮ ቀልድ ሲመልስ በሚፈጥንበት ፍጥነት። "አዎ። ግቢበት። ልጆችሽ ፊት አትወድቂም።"

እጁን ጨበጠችው፤ አልለቅህ አለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

በአውቶቡስ ተመለስን። እሱ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገቡ። ከጀርባችን አንድ ሕፃን ያያቸውን ነገሮች ሁሉ ስማቸውን ይጠራል፤ መኪና፣ ውሻ፣ ድልድይ፣ መኪና። ታናሼ እየሰማው ነበር። ብዙ ሄድን።

"ያልካት እውነትህን ነው?" አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም። 

"ፈርታለች እኮ" አለ። "ሌላ ምን ልበላት?"

"እኔ ብጠይቅህስ?"

ከመስኮቱ ዞሮ አየኝ። ሰኔ ከገባ በቀጥታ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። የሚፈልገው ቃል የጠፋው መስሎኝ ልረዳው አፌን ከፈትኩ። አልጠፋውም ነበር።

"አንቺ አትጠይቂኝ" አለኝ።